ጠዋት ጠዋት የሚወጣው ጥቁር አክታ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንጀራ ጋግሬ እየሸጥኩ ሦስት ልጆች አሳድጋለሁ። የምጋግረው በእንጨትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፤ ትንሿን ልጄን አዝዬ። ጠዋት ስነሳ ያስለኛል፤ አክታውም እንደ ጥላሸት ጥቁር ነው። ጎረቤቶቼ «ሳንባሽ ጠቁሯል» ብለው አስፈራሩኝ። ሳል የሚያቆም ሽሮፕ ልግዛ?
(ት.፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ ሽሮፑን አይግዙ።

ተማሪ ሳለሁ መምህራችን በእንቁራሪት ላንቃ ላይ ቆንጠር አድርጎ የከሰል ዱቄት ነሰነሰና «ዝም ብላችሁ ተመልከቱ» አለን። ማንም ሳይነካው ጥቁሩ ዱቄት እየተንሸራተተ ወደ ጉሮሮዋ አመራ። የሚገፉት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጸጉሮች ነበሩ። የእኛም የአየር ቧንቧ በእነዚህ ጸጉሮች የተሸፈነ ነው። በሰከንድ ከ10 እስከ 20 ጊዜ እየተወዛወዙ፣ በላያቸው ያለውን ዝልግልግ ፈሳሽ ከነቆሻሻው ወደ ጉሮሮ ይነዱታል። አብዛኛውን ሳናውቀው እንውጠዋለን፤ የጨጓራ አሲድ ይቀበለዋል። ሌሊት ተኝተን ብዙም ስለማንስል ይጠራቀማል። ጠዋት የሚያዩት ጥቁር ነገር ከምጣዱ ሥር የሳቡት ጥላሸት ነው፤ በሳል ሲወጣ በሽሮፕ አይከልክሉት።

ሁሉም ግን አይወጣም፤ ይህን ልደብቅዎት አልችልም። ጤፍ ሲነፉ የሚቦነው ዱቄት አብዛኛው አፍንጫ ውስጥ ይያዛል፤ ያስነጥስዎትና ይወጣል። የጭስ ብናኝ አብዛኛው ግን ከ2.5 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) በታች ስለሆነ ሳንባ ውስጥ እስካሉት የአየር ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል። እዚያ ጠራጊ ጸጉር የለም። ያሉት ባዕድ ነገር የሚውጡ ሴሎች ናቸው። ባክቴሪያን ውጠው ያጠፉታል፤ ጥላሸትን ግን ማጥፋት ስለማይችሉ ተሸክመውት ይቆያሉ። ጥላሸት የበዛባቸው ሴሎች ጀርም ሲመጣ አቅም ያንሳቸዋል። ጭሱ ጸጉሮቹንም ያዳክማቸዋል።

ከደብዳቤዎ እጅግ ያሳሰበኝ ስለ አክታው ያሉት አይደለም፤ «ትንሿን ልጄን አዝዬ» ያሉት ነው። የእርሷ የአየር ቧንቧ ጠባብ ነው፤ የምትተነፍሰውም ከእርስዎ ቶሎ ቶሎ ነው። የማገዶ ጭስ ሕፃናትን ለሳንባ ምች ያጋልጣል። እባክዎ፣ በሚጋግሩበት ሰዓት ከቤት ውጭ ከታላላቆቿ ጋር ትቆይ።

እናቴም በእንጨት ጋግራ ነው ያሳደገችኝ፤ ስለዚህ ሥራዎን ይተዉ አልልዎትም። እርጥብ ቅጠል አይማግዱ፤ እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን። በርና መስኮቱን ከፍተው ይጋግሩ። ከተቻለ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ያሠሩ።

ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ጥፋቱን ሁሉ በጭሱ ላይ አይጣሉ፤ ጤና ጣቢያ ሄደው አክታዎን ለሳንባ ነቀርሳ ያስመርምሩ። ደም ከቀላቀለ፣ ሌሊት ካላበዎት ወይም ከከሱ ነገ ጠዋት ይሂዱ። ትንሿ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰች ወይም ስትተነፍስ የደረቷ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሊጡን እንዳለ ትተው ዛሬውኑ ይውሰዷት።