«ወላጅ አምጣ» ከመባሉ በፊት

መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ ደብዳቤ ይበዛል። የምዝገባው ግርግር፣ የደብተርና የዩኒፎርሙ ወጪ ያልቅና የዓመቱ ትምህርት መስመር የሚይዘው ያኔ ነው። ዘንድሮም ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ታናናሾቹ ናቸው። ለማያውቁኝ አንባቢዎች፦ 31 ዓመት ደሴ ውስጥ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። የምመልሰውም እዚያ ክፍል ውስጥ ካየሁት ተነስቼ ነው።

እትዬ፣ እንደምን አሉ? ሴት ልጄ 7 ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባች። ጠዋት ጠዋት ቤታችን ጩኸት ነው። በብርዱ መነሳት አትወድም። ካልሲ ስንፈልግ፣ ደብተር ስንፈልግ ይረፍዳል። በሳምንት ሦስት ቀን ሰልፉ ካለቀ በኋላ ነው የምትደርሰው። መምህሯ «አሥር ደቂቃም ቢሆን አታስረፍጃት» ትለኛለች። አሥር ደቂቃ ለአንደኛ ክፍል ልጅ ይህን ያህል ነው እንዴ?
እናት፣ ከሰኞ ገበያ

እህቴ፣ የደሴን ጠዋት አውቀዋለሁ። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው የምንኖረው። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ባደረበት ቀን ትልቁም ሰው ከብርድ ልብስ መውጣት ይከብደዋል። ስለዚህ ልጅሽ ሰነፍ አይደለችም።

አሥሩ ደቂቃ ውስጥ ምን እንዳለ ግን ልንገርሽ። ደወል ይመታል። ልጆቹ ተሰልፈው ይገባሉ፤ እያንዳንዱ ቦታውን ያውቃል። ስም ይጠራል፣ «አቤት» ይላሉ። መምህሯ ሰሌዳው ላይ ቀኑን ትጽፋለች። ልጆቹ ደብተር አውጥተው ቀኑን ይገለብጣሉ። የቤት ሥራ ይታያል። ከዚያ «መጽሐፋችሁን አውጡ፣ ገጽ ይህን ያህል» ይባላል። ለትልቅ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ለ7 ዓመት ልጅ ግን ዓይንን፣ እጅንና ሐሳብን አንድ ቦታ የሚሰበስብላት ይህ ነው።

አሁን ያረፈደችውን ልጅ እዪያት። በሩ ላይ ትቆማለች። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ያያታል። ዴስኩ ሞልቷል፣ ሦስተኛ ሆና ጠርዙ ላይ ትቀመጣለች። ቦርሳዋን ትከፍታለች። አማርኛ ይሁን ሒሳብ አታውቅም፤ የጎረቤቷን ደብተር ታያለች። የመሰላትን ታወጣለች። አይደለም። ትመልሰዋለች። እርሳሷ ተሰብሯል። መቅረጫ ትለምናለች፤ «ዝም በሉ» ይባላሉ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። እሷ ተረጋግታ ሰሌዳውን ማየት ስትጀምር ግማሹ ሄዷል። ያረፈደችው አሥር ደቂቃ ነው፤ የጠፋባት ግን ከዚያ ይበልጣል። መምህሯ ይህን ስለምታይ ነው የምትነግርሽ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ደርሶ ከሄደ በኋላ ትምህርት ስንጀምር ክፍሌ ውስጥ በቂ ዴስክ አልነበረም። ልጆቹ ድንጋይ ላይ፣ ማዳበሪያ ላይ ተቀመጡ። የሚያለቅስ ነበር፣ እናቱን የማይለቅ ነበር። ምን እንደማስተምራቸው ግራ ገባኝ። የስም መጥሪያዬን ያዝኩና እንደ ወትሮው በተለመደው ተራ መጥራት ጀመርኩ። አምስተኛው፣ ስድስተኛው ጋ ስደርስ ክፍሉ ዝም አለ። ተራቸውን እየጠበቁ ነበር። የቀሩ ልጆች ነበሩ፤ የእነሱንም ስም ጠራሁ። ያን ቀን ሌላ ትምህርት አላስተማርኩም። ትንሽ ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን ሲያውቅ ይረጋጋል። ቁጣ ይህን አይሰጠውም።

ስለዚህ ጠዋቱን ማታ ሥሪው። ዩኒፎርሙና ሹራቡ ወንበር ላይ ይደር። ካልሲው ተጠቅልሎ ጫማው ውስጥ ይግባ። እርሳስ ማታ ይቀረጽ፣ ሁለት ይሁን። ደብተሮቹን በነገው ፕሮግራም ራሷ ትምረጥ፤ አንቺ አጠገቧ ሆነሽ እዪ እንጂ አትምረጪላት። ቦርሳው በሩ ሥር ይቀመጥ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ትተኛ፤ ቴሌቪዥኑም ይጥፋ፣ የሁላችሁም። ጠዋት የፊት መታጠቢያ ውሃዋን ለብ አድርጊላት፤ ከብርድ ልብስ የሚያስወጣት እሱ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ትታገልሻለች። አብሽሪ፣ ትለምደዋለች።

መንገድ ላይ ደግሞ አትቆጫት። እያለቀሰች የገባች ልጅ ሰዓቱ ላይ ብትደርስም ያው አርፍዳለች።

ልጄ ኬጂ ነው። ምሳ ዕቃው እንደሞላ ይመለሳል፤ ቤት ሲገባ ግን በረሃብ ሊሞት ነው። ምን ብቋጥርለት ይሻላል?
ከኮምቦልቻ

ከምግቡ በፊት ክዳኑን እዪ። ዛሬ ማታ መሬት ላይ አስቀምጪውና ራሱ ይክፈተው። ብዙ ልጅ የማይበላው መክፈት ስለማይችል ነው፤ «ክፈቱልኝ» ማለት ደግሞ ያፍራል። ፌስታል ጥብቅ አድርገሽ ከቋጠርሽም እንደዚያው ነው።

የማይፈስ ምግብ ይሁን፦ ፍርፍር፣ ዳቦ፣ ድንች። ወጥ የፈሰሰበት ደብተር ዓመቱን ሙሉ ይሸታል። ሥጋ ያለበት አትቋጥሪ። የእኛ አገር ልጆች ምሳ ዕቃ ገጥመው ነው የሚበሉት፤ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም እጅ አንድ ላይ ይገባል። ያንን ማንም እንዲያስቀርባቸው አልፈልግም፤ ሽሮው ይበቃቸዋል። ኮምቦልቻ ይሞቃልና ውሃውን አትርሺ። የኮዳውን ክዳንም ይሞክረው።

እትዬ፣ የሦስተኛ ክፍል ልጄ «ወላጅ አምጣ» ተብሎ መጣ። ፋብሪካ በፈረቃ ነው የምሠራው፣ ፈቃድ አይገኝም። ምን አጥፍተህ ነው ብዬ ገረፍኩት፤ አልተናገረም። ሌላው ችግሬ የቤት ሥራ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ቁርዓን ይቀራል፤ ማታ ደብተር እንደያዘ እንቅልፍ ይጥለዋል። አንዳንዴ እኔው ሠርቼ አስተኛዋለሁ። ጥፋት ነው?
አባት፣ ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ከግርፋቱ ልጀምር። ትምህርት ቤት ውስጥ ልጅን መምታት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የተከለከለ ነው። መምህሩ የተከለከለውን አንተ ቤት ውስጥ ስትፈጽምለት ልጁ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ ከትምህርት ቤት የመጣን መልእክት መደበቅ።

ይህን የምልህ በራሴ እጅ ከደረሰ ነገር ተነስቼ ነው። ገና በጀማሪነቴ አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ሁለት ቀን ያለ ሒሳብ ደብተር መጣ። «ወላጅ ሳታመጣ እንዳትገባ» አልኩት። ሦስት ቀን ቀረ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከአጥሩ ጀርባ ሳልፍ አገኘሁት። ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ግንቡ ሥር ተቀምጧል። የትምህርት ቤታችን ደወል የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነበር፣ በብረት ነው የሚመታው። ልጁ ሦስቱንም ቀን ደወሉን እየቆጠረ ከውጭ ተቀምጧል። «አሁን አካባቢ ሳይንስ ነው» አለኝ። ልክ ነበር። እናቱ ጎህ ሳይቀድ ለሥራ ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። ሊነግራት ፈራ። ደብተሩ ደግሞ አልጠፋም፤ አልቋል። ሌላ ግዢልኝ ለማለት አፍሮ ነው። ይህን ሁሉ የሰማሁት እጁን ይዤ ሳስገባው፣ አምስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ልጅ ከበር አልመለስኩም።

ስለዚህ መጀመሪያ ልጅህን ይቅርታ ጠይቀው። ከዚያ ዛሬውኑ ለመምህሩ ወረቀት ጻፍ። ረጅም መሆን የለበትም፦ «የእገሌ አባት ነኝ። በፈረቃ ነው የምሠራው። በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት መምጣት እችላለሁ። እስከዚያ ልጁ ክፍል ይግባልኝ። ስልኬ ይህ ነው።» አብዛኛው መምህር ይህን ካነበበ ልጁን አይመልስም። የሌሊት ፈረቃ ስትሆን ጠዋት ከሥራ ስትወጣ ጎራ በል፤ ሰልፉ ሳይጀመር ያለው ጊዜ ይበቃል። ስትገባ «ምን አጠፋ?» አትበል። «የት ነው የሚቀመጠው? ከማን ጋር ነው የሚውለው? የቱ ትምህርት ነው የሚከብደው?» ብለህ ጠይቅ። ሰሌዳው የማይታየው ልጅ፣ ጆሮው የታመመ ልጅ፣ ጓደኛው የሚመታው ልጅ የሚገኘው በዚህ ጥያቄ ነው።

ለሌሎቻችሁም የምለምነው ይህንኑ ነው፤ ሳትጠሩ ሂዱ። በመጀመሪያው ወር አንድ ጊዜ፣ ሰላም ለማለት ብቻ። ልጁ እናቱና መምህሩ ቆመው ሲሳሳቁ ካየ ሁለቱን ማታለል አያምረውም፤ ሁለቱንም መፍራት ያቆማል።

የቤት ሥራውን ግን አትሥራለት። መምህሩ የሚያርመው የአንተን እጅ ይሆናል። ራይት ያደርግለታል፣ «ገብቶታል» ብሎ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ልጁ ሳይገባው ቀረ ማለት ነው። ከከበደው ክፍት ይተወው፤ ሥሩ ላይ «ሞክሯል፣ አልገባውም» ብለህ ፈርምበት። ለእኔ እንደዚህ ያለ ደብተር ሙሉ በሙሉ ራይት ከሆነው ይበልጥብኝ ነበር።

ሰዓቱን ደግሞ አዛውረው። ከትምህርት ቤት ሲመጣ እጁን ይታጠብ፣ ይብላ፣ ግማሽ ሰዓት ይጫወት፤ ከዚያ በብርሃን የቤት ሥራውን ይጨርስ፤ ቁርዓኑ ከዚያ ይቀጥላል። ሰዓቱ ከተጋጨ ኡስታዙን አናግራቸው። በረመዳን ለሱሑር የሚነሳ ከሆነም ለመምህሩ ንገር፤ ክፍል ውስጥ ቢያንቀላፋ ሰነፍ እንዳይባል።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን የምትጽፍልኝ የጎረቤት ልጅ ናት። የማሳድገው የልጅ ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው። ቤት ውስጥ ፊደል ገበታው ፊት ቁጭ ብሎ ከሀ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ይወርድልኛል፣ አንድ አይስትም። መምህሩ ግን «ማንበብ አይችልም» አሉኝ። ማናቸው ናቸው ልክ?
አያት፣ ከደሴ

እማማ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ልጁ ፊደሉን በዜማ ይዞታል። «ሀ ሁ ሂ ሃ» ሲል አፉ ቀድሞ ይሄዳል፣ ጣቱ ይከተላል፣ ዓይኑ ግን አላየም። ገበታውን ገልብጠው ቢይዙለት ያንኑ ይልዎታል። ብዙ ልጅ አንደኛ ክፍልን እንደዚህ አልፎ ሁለተኛ ላይ ይያዛል። 33ቱ ፊደል ሰባት ሰባት ቤት ሲኖረው 231 ነው። በቃል ማዜሙ ራሱ ትልቅ ሥራ ነውና አይውቀሱት።

አላነብም ብለው እጅዎን አይሰብስቡ። ማንበብ የማይፈልግ ዘዴ አለ። አንድ ፍሬ ሽምብራ ያምጡ። ከገበታው መሐል ደስ ያለዎት ፊደል ሥር ያስቀምጡና «ይህ ማን ነው?» ይበሉት። ያለውን በልብዎ ይያዙ። ፍሬዋን ያንሱና ሌላ ቦታ፣ ሌላ ቦታ ያዙሯት። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ይመልሷት። ቦታው እንዳይጠፋዎት በከሰል ነጥብ ያድርጉበት። የቅድሙን ካለ ያውቀዋል። ሌላ ካለ ወይም ከሀ ጀምሮ እየቆጠረ ከወረደ አላወቀውም። ፊደሉን እርስዎ ማወቅ አያስፈልግዎትም፤ ልጁ ሁለቴ አንድ ነገር ማለቱን መስማት ነው።

ካላወቃቸው በአንድ ማታ ሦስት ብቻ ይያዙ። አብዛኛው ልጅ የሚምታታው መልካቸው በሚቀራረቡት ነው፦ ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ተ እና ቸ። እኔ «ይህኛው ቆብ አድርጓል» እያልኩ ነበር የማስይዛቸው። ያ ጎረቤት ልጅ እነዚህን ታሳይዎት፤ ቆቡን ለማየት ማንበብ አያስፈልግም።

ደብተሩንም ይግለጡት። ቀይ እስክሪብቶ አለበት? ባዶ የታለፈ ገጽ አለ? ቀኑ ተጽፏል? ባዶ ገጽ ካዩ ጣትዎን ያስቀምጡና «እዚህ ጋ ምን ሆነህ ነው?» ይበሉት፤ ይነግርዎታል። ለመምህሩም «ፊደል አልቆጠርኩም፣ ማታ ማታ ግን አብሬው እቀመጣለሁ» ይበሏቸው። ይህን የሰማ መምህር ልጁን ከፊት ያስቀምጥልዎታል።

የሚቀጥለው ደብዳቤዎ ሲመጣ የላኪውን ስም የጎረቤት ልጅ አትጻፈው። እርሱ ይጻፍልኝ፤ የእርስዎን ስም፣ ከሀ ሳይጀምር።