ለሥነ ልቦና ተማሪዎች፦ ጥያቄና መልስ

በሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ ያሰቡና ትምህርቱን የጀመሩ ወጣቶች ካቀረቡልኝ ጥያቄዎች የተወሰኑትን ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሥነ ልቦናን የመረጥኩት ከሒሳብ ለመሸሽ ነበር። ስታቲስቲክስ ግድ ነው?

መልስ፦ ግድ ነው፤ የትምህርቱ ወገብ እርሱ ነው። ደግነቱ ስሌቱን ኮምፒውተር ይሠራልሃል። የሚያስቸግረው ቁጥሩ የሚናገረውንና የማይናገረውን መለየት ነው። ለምሳሌ «ፒ» የሚባለው ዋጋ ከ0.05 አነሰ ማለት መላምትህ 95 በመቶ እውነት ነው ማለት አይደለም። በምታወዳድራቸው ቡድኖች መካከል ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ፣ ያገኘኸውን ያህል ወይም ከዚያ የሰፋ ልዩነት በአጋጣሚ የሚታይበት ዕድል ከ5 በመቶ በታች ነው ማለት ነው። ይህን ደብተር ሳታይ ለሌላ ሰው ማስረዳት ከቻልክ ስታቲስቲክስን አትፍራው።

ጥያቄ፦ እንደተመረቅሁ ሰዎችን ማከም እችላለሁ?

መልስ፦ በዚህ ዲግሪ ብቻ በአብዛኛው አይፈቀድም። ተጨማሪ ትምህርት፣ በባለሙያ ክትትል የሚደረግ ልምምድና ፈቃድ ያስፈልጋል። የሥነ አእምሮ ሐኪም ለመሆን ደግሞ መንገዱ በሕክምና ትምህርት በኩል ነው።

ጥያቄ፦ የሰውን ፊት አይቶ ሐሳቡን ማወቅ ያስተምራሉ?

መልስ፦ አያስተምሩም። የሚያውቅ መምህርም አልገጠመኝም።

ጥያቄ፦ ታዋቂ ጥናቶች ሲደገሙ ውጤታቸው አልተገኘም ይባላል። ታዲያ የምንማረው ምኑን ነው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ባትጠይቂው ኖሮ እኔው አነሣው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ሰፊ ሥራ 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን እንደገና ሞክሮ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶች 97 በመቶ ያህሉ በስታቲስቲክስ ጉልህ (በአጋጣሚ ብቻ የመጣ የማይመስል) ውጤት ሲኖራቸው፣ ሲደገሙ ግን ጉልህ ውጤት የሰጡት 36 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው፦ የናሙና ማነስ፣ ውጤት ያልሰጡ ሙከራዎች ሳይታተሙ መቅረታቸው፣ ያሰቡት እስኪገኝ ድረስ መረጃውን ማገላበጥ። ይህን ያጋለጡት ግን ራሳቸው የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ናቸው። ስለዚህ ጥናት ስታነቢ ከመደምደሚያው በፊት የአሠራር ዘዴውን ክፍል ክፈቺ፤ ስንት ሰው ተሳተፈ፣ ምን ተለካ፣ በምን ተለካ? ብዙ ተማሪ ይህን ክፍል ዘልሎ ያልፋል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማነበው እርሱን ነው።

ጥያቄ፦ ደጋግሜ አነባለሁ፤ ፈተና ላይ ግን ይጠፋብኛል።

መልስ፦ መድኃኒቱ በራሳችን ሙያ ውስጥ አለ። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ጽሑፉን ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ከማንበብ ይልቅ ራሳቸውን ለማስታወስ ያስገደዱት በልጠው ተገኙ። መጽሐፉን ዝጋና ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሰውን ጻፍ፤ ከዚያ ገልጠህ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙላ። በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያ ቀለም ጀምር።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ «ማኅበራዊ ሚዲያ በወጣቶች አእምሮ ላይ ያለው ተጽዕኖ» ነው። እንዴት ያዩታል?

መልስ፦ ሰፊ ነው። የትኛው አጠቃቀም? የትኞቹ ወጣቶች? ከአእምሮስ የቱ፣ እንቅልፍ፣ ትኩረት ወይስ ጭንቀት? ደግሞም አንድ ጊዜ በሚሞላ መጠይቅ ተዛምዶን (ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸውን) እንጂ ተጽዕኖን (አንዱ ሌላውን ማምጣቱን) አታሳዪም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰውም እኮ ስልኩን ያነሣል። «ከመኝታ በፊት ስልክ የመጠቀም ጊዜና የእንቅልፍ ጥራት ተዛምዶ» ብትዪው ግን በአንድ ሴሚስተር የሚያልቅ ሥራ ይሆናል።