ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ቢጫው፦ ስለ ኢንዱስትሪ ስፒናና ሶኬት ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት «ስለ ኢንዱስትሪ ስፒናና ሶኬት የምትጠይቁት ካለ ላኩ» ብዬ ነበር። አምስት ስድስት ጥያቄ ስጠብቅ ስልኬ ሞላ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። እኔ የፋብሪካ ጥገና ላይ 17 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን ፓኔል የምገጣጥምበት ትንሽ ወርክሾፕ አለኝ። የምናወራው ስለ እነዚያ ክብና ወፍራም፣ ባለ ክዳን ስፒናዎች ነው። የሚሠሩት «አይኢሲ 60309» በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። የቤቱ ሶኬት ሌላ ዘር ነው።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ ስፒናው ላይ «32 ኤ – 6 ኤች» ይላል። 32 አምፔሩ ገብቶኛል። 6 ኤች ምንድን ነው?

ሰዓት ነው። የሀበሻም ይሁን የፈረንጅ፣ 6 ቁጥር ያው ታች ናት፤ ስለዚህ አትጨነቅ። ሶኬቱን ፊት ለፊት እየው። ከታች በኩል ስፒናው ተስተካክሎ እንዲገባ የሚመራው ትልቅ ቦይ አለ። እሱ ሁልጊዜ 6 ሰዓት ላይ ነው። አሁን ከቀዳዳዎቹ ሁሉ ሰፊውን ፈልግ። እሱ የመሬት (የኧርዝ) ነው። «6 ኤች» ማለት የመሬቱ ቀዳዳ 6 ሰዓት ላይ ነው ማለት ነው።

ይህ ለጌጥ የተደረገ አይደለም። የመሬቱ ቦታ ከቮልቴጁና ከፍሪኩዌንሲው ጋር ይቀያየራል። የእኛ ባለ 220 ሰማያዊና ባለ 380 ቀዩ 6 ሰዓት ናቸው። ባለ 110 ቢጫው 4 ሰዓት ነው። ወደብ ላይ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነር የሚሰካበት ሶኬትም ቀይ ነው፣ ግን 3 ሰዓት ነው፤ መርከቡ የሚሰጠው 440 ቮልትና 60 ኸርዝ ስለሆነ። ቀለም አይተህ ብትሳሳት እንኳ ስፒናው አይገባልህም። አንዱ አምፔር ከሌላው ጋርም አይገጥምም፣ መጠኑ ይለያያል። 16፣ 32፣ 63 እና 125 አምፔር አሉ።

ጥያቄ፦ ቢጫ ስፒና በርካሽ አግኝቼ ገዛሁ። ሰማያዊው ሶኬት ውስጥ አልገባ አለኝ። ስፒናው ላይ ያለውን ጉብታ በሞረድ ባነሳውስ?

አታነሳም። አልገባም ያለህ ሥራውን እየሠራ ስለሆነ ነው። ቢጫው ለ110 ቮልት ነው። እንግሊዞች የግንባታ ቦታ ላይ በብዛት ይጠቀሙበታል፤ ትራንስፎርመራቸው መሃሉ ከመሬት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሠራተኛውን የሚያገኘው 55 ቮልት ብቻ ነው። ሞርደህ ካስገባኸው ነገ ሌላ ሰው የ110 ቮልት መሰርሰሪያ 220 ላይ ይሰካል። ሻጩ ከመለሰልህ መልስለት።

ጥያቄ፦ ብየዳ ቤት አለኝ። ባለ 32 አምፔር ቀዩ ስፒናዬ ከአንድ ሰዓት ሥራ በኋላ ይግላል። አንደኛው እግሩ ጠቁሯል። ልቀይረው ወይስ ይቆይ?

ቀይረው። ሶኬቱንም አብረህ ቀይረው፤ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ እንይ። ላቦራቶሪ ውስጥ ባለ 32 አምፔር ስፒና የሚፈተነው በ32 አይደለም፣ በ42 አምፔር ነው። ባለ 16ቱ በ22 ይፈተናል። ለአንድ ሰዓት ያህል ይጫንበታል። ከዚያ ሽቦው የሚታሰርበት ቦታ ከአካባቢው አየር ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ የለበትም። ስለዚህ ደህና ስፒና ትርፍ አቅም አለው። ያንተ ከ32 በታች ጠቁሮ ከሆነ ችግሩ ቁጥሩ ላይ ሳይሆን ንክኪው ላይ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሙቀት የሚመጣው አምፔሩን በራሱ አባዝተህ በሬዚስታንሱ ስታባዛው ነው። ብሎኑ ትንሽ ላልቶ 0.01 ኦም ቢፈጠር፣ በ32 አምፔር 10 ዋት ይሆናል። 0.05 ከደረሰ 51 ዋት። ሬዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ የሚያቀልጥባት መበየጃ ከ30 እስከ 60 ዋት ናት። እሷን ስፒናህ ውስጥ ሰክተህ ቀኑን ሙሉ እንደመተው ነው። ሲሞቅ ብረቱ ይዝጋል፣ ሲዝግ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ከዚያ የበለጠ ይሞቃል።

የሚያላላው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ብሎኑ ከመጀመሪያው በደንብ አልጠበቀም። ሁለተኛ፣ ሠራተኛው የሽቦውን ጫፍ በቆርቆሮ በይዶ አስገብቶታል። ይህ ብዙ ቦታ የማየው ነገር ነው፤ ንጹሕ ሥራም ይመስላል። ግን ቆርቆሮ ልስልስ ነው፣ በብሎን ሲጨመቅ ቀስ እያለ ይሸሻል። ከስድስት ወር በኋላ ብሎኑ አየር ላይ ነው የተንጠለጠለው። በሽቦው ጫፍ ላይ የሚጨመቅ ትንሽ ቱቦ አለ፣ እሱን ተጠቀም። ሦስተኛ፣ ሽቦው አልገባ ሲል ጥቂት ክሮቹን ቆርጦ ማስገባት። ለ32 አምፔር 6 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ያስፈልጋል፤ ግማሹን ከቆረጥከው 3 ነው ያለህ።

አሁን ስለ ሶኬቱ። ድሮ የሠራሁበት አንድ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ማሽን ላይ ሦስት ስፒና ቀየርን። አዲስ እንገጥማለን፣ በወሩ ይጠቁራል። ስፒናውን ያመጣውን ልጅ ስንወቅስ ከረምን። በመጨረሻ ሶኬቱን ስፈታው እግሩን ጨምቆ የሚይዘው ስፕሪንግ በሙቀት ሞቷል። እግሩ እየገባ ነው እንጂ እየተያዘ አልነበረም። የተቃጠለ ሶኬት አዲሱን ስፒና ይበላዋል። ልጁን ይቅርታ ጠይቀናል።

ጥያቄ፦ እንዴት ነው መጋሉን የማውቀው? ሁሉም ትንሽ ይሞቃል አይደል?

ይሞቃል። ውጪውን በመዳፍህ ይዘህ አሥር ሰከንድ መቆየት ካቃተህ ሥራ አቁም። አንዱ እግር ብቻ ቀለሙ ከተቀየረ ሙቀቱን መጠበቅም አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ላቫጆ አለኝ። «አይፒ 67 ነው፣ ውሃ አይገባውም» ብለው ሸጡልኝ። በሁለት ወሩ ውስጡ ውሃ ቋጥሮ አገኘሁት። አጭበርብረውኛል?

ምናልባት አላጭበረበሩህም። የመጀመሪያው ቁጥር ስለ አቧራ ነው፤ 6 ማለት አቧራ ጨርሶ አይገባም። ሁለተኛው ስለ ውሃ ነው፤ 7 ማለት አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢሰጥም ጉዳት የሚያደርስ ውሃ አይገባበትም። ግን ልብ በል፤ 7ን ያለፈ ሁሉ በግፊት የሚተኮስ ውሃን ይችላል ማለት አይደለም። በቱቦ የሚረጭ ውሃ ቁጥሩ 5 እና 6 ነው። የላቫጆ ፓምፕ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ከቅርብ ለሚመጣ የጋለ ከፍተኛ ግፊት ራሱን የቻለ 9 የሚባል ፈተና አለው። ሁለቱንም የሚያልፍ ዕቃ ሁለቱም ይጻፍበታል።

ሁለተኛው ነገር፣ አይፒው የሚሠራው ስፒናው ገብቶ ቀለበቱ እስከ መጨረሻው ሲጠብቅ ወይም ክዳኑ ሲዘጋ ነው። ኬብሉ የሚገባበት ነት ካልጠበቀም ውሃው በጓሮ ይገባል። አብዛኛው ሰው ቀለበቱን ግማሽ ዙር አዙሮ ይተወዋል። ሶኬቱን ከምታጥብበት ቦታ አርቀህ ከፍ አድርገህ ስቀለው። ባለ 30 ሚሊ አምፔር የመሬት መከላከያ ብሬከር ከሌለህ ደግሞ ዛሬ አስገጥም። እርጥብ መሬት ላይ ባዶ እግሩን የቆመ ሠራተኛ ነው ያለህ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መርካቶ ላይ ሁሉም ዕቃ «ሲኢ» የሚል ማህተም አለበት። ፎርጅዱን ከኦሪጅናሉ በምን እለያለሁ?

በሲኢ አትለይም። ሲኢ የአምራቹ የራሱ ቃል ነው፤ «የአውሮፓን ሕግ አሟልቻለሁ» ብሎ ራሱ ይለጥፈዋል። ለእንዲህ ያለ ዕቃ ገለልተኛ ላቦራቶሪ እንዲያየው አይገደድም። የሚያስቀው ደግሞ የቤት ስፒና ዝቅተኛ ቮልቴጅን ከሚመለከተው የአውሮፓ መመሪያ ውጪ ነው። ተራ የቤት ስፒና ላይ ሲኢ ካየሁ ያመረተው ሰው ሕጉን አላነበበም እላለሁ። የኢንዱስትሪው ግን መመሪያው ውስጥ ይገባል።

ሦስተኛ ወገን ፈትኖ የሚሰጣቸው ምልክቶች የጀርመኑ «ቪዲኢ»፣ የአውሮፓው «ኢኔክ»፣ በሰሜን አሜሪካ ደግሞ «ዩኤል»፣ «ሲኤስኤ»፣ «ኢቲኤል» ናቸው። እነሱም ይጭበረበራሉ፤ ግን ቪዲኢና ዩኤል የሰጡትን ሰርተፊኬት ድረ ገጻቸው ላይ መፈለግ ይቻላል።

በእጅህ የምትሞክረው አለ። ማግኔት ይዘህ ሂድ። እግሮቹ ናስ መሆን አለባቸው፤ ማግኔት ከሳባቸው የተቀባ ብረት ነው፣ አትግዛ። ፈትተህ የሽቦ ማሰሪያውን እይ። ኬብሉን ከውጪ ጨምቆ የሚይዝ ነገር ከሌለው ተወው፤ ኬብሉ ሲሳብ ብሎኑ ላይ ይመጣል።

አንዳንዱ በላይተር ያቃጥላል። ትክክለኛው ፈተና በ850 ዲግሪ የጋለ ሽቦ ለ30 ሰከንድ መንካት ነው፤ ኤሌክትሪክ ያለባቸውን ክፍሎች የያዘው ፕላስቲክ፣ ሽቦው ከተነሳ በኋላ በ30 ሰከንድ ውስጥ እሳቱ መጥፋት አለበት። ላይተር ይህን አይተካም። ሱቅ ውስጥም አታድርገው፣ ባለሱቁ ያባርርሃል። በብዛት ለፕሮጀክት የምትገዛ ከሆነ ስለ ፍተሻ የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅትን አነጋግር።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ነኝ። ከፍታ ለውጥ ያመጣል የሚል ሰው አለ። እውነት ነው?

እውነት ነው። ጥያቄው ደስ ብሎኛል፤ ማንም አይጠይቀውም። አብዛኛው የኤሌክትሪክ ደረጃ የተጻፈው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ገደማ። አየሩ ሲሳሳ ሁለት ነገር ይሆናል። ሙቀት በደንብ አይወስድም፣ እሳት ብልጭታንም እንደ ቆላው አያግድም። ለዚህ በሁለት ሽቦዎች መካከል የሚተወው የአየር ክፍተት 3,000 ሜትር ላይ በ1.14 ይባዛል። ማለትም 14 በመቶ ይሰፋል።

ስፒና ከዚህ ሁሉ ብዙ አይጎዳም። ሞተር፣ ትራንስፎርመርና ኢንቨርተር ናቸው በይበልጥ የሚጎዱት። ግን ርካሽ ስፒና ክፍተቱን ዝቅተኛው ላይ አድርጎ ነው የሚሠራው፤ እናንተ ጋ ትርፍ የለውም። 32 አምፔር ቀኑን ሙሉ የሚጎትት ማሽን ካላችሁ ባለ 63 ግጠሙለት።

ዱባይ ሳይት ላይ ያለው ወንድማችን ስለ አየሩ ሙቀት የጠየቀውም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ደረጃው የሚያስበው አየር እስከ 40 ዲግሪ ነው። በሐምሌ ፀሐይ ላይ የተጣለ ስፒና ያንን አልፏል። ጥላ አድርጉለት፣ ጭነቱንም ቀንሱ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። የእንጨት ማሽን ወደ አዲስ አበባ ልልክ ነው። ስፒናው «ኤል 6-30» ይላል። ስፒናውን ብቻ ብቀይር ይሠራል?

«ኤል» ማለት ጠምዝዞ የሚቆለፍ፣ 6 የ250 ቮልት ዓይነት፣ 30 አምፔሩ ነው። ስፒናውን በሰማያዊ ባለ 32 መቀየር ቀላል ነው። የሚያስቸግርህ ሞተሩ ነው። እዚያ 60 ኸርዝ፣ እዚህ 50 ነው። ፍጥነቱ በስድስተኛ ያህል ይቀንሳል፣ ይሞቃልም። ሞተሩ ሰሌዳ ላይ «50/60» ካልተጻፈ አትላከው፣ ወይም ሞተሩን እዚህ እንድትቀይር በጀት ያዝ።

አንድ ሌላ ነገር። እዚያ ለሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚቆይ ጭነት ከአቅሙ 80 በመቶ ብቻ እንዲጠቀሙ ነው የሚያዙት፤ 30 አምፔር 24 ይሆናል። እዚህም ብትለምደው ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ባለ 63 አምፔሩ መሃሉ ላይ ትንሽ እግር አለችው። ኤሌክትሪሻኑ ሳያያይዛት ሄደ። ጎድሎብኛል?

የግድ አይደለም። መጀመሪያ የመሬቱን እግር እይ፤ ረጅም ነው፣ ቀድሞ ይገባል፣ መጨረሻ ይወጣል። ትንሿ ደግሞ ተቃራኒ ናት። አጭር ስለሆነች መጨረሻ ገብታ ቀድማ ትወጣለች። ከኮንታክተር (ኃይሉን በኤሌክትሪክ ትእዛዝ ከሚያበራና ከሚያጠፋ ማብሪያ) ጋር ከተያያዘች ስፒናው መነቀል ሲጀምር ዋናዎቹ እግሮች ሳይላቀቁ ኃይሉን ታጠፋዋለች። 63 እና 125 ላይ ነው የምትገኘው። ጥበቃው ከፈለግህ ኮንታክተር አስገጥም። ካልሆነ ማሽኑ እየሠራ አትንቀል። ስፒና በጭነት ላይ ሲነቀልም ይፈተናል፣ ግን ማብሪያ ማጥፊያ አይደለም።

ጥያቄ፦ በስንት ጊዜ ይፈተሽ?

ከቦታ ቦታ የሚጎተተውን በየወሩ ዓይናችሁ ይየው፤ ስንጥቅ፣ የጠቆረ እግር፣ የወጣ ኬብል። በናስትሮ የተጠቀለለ ስፒና ካገኛችሁ ከአገልግሎት አውጡት። የመከላከያ ብሬከሩን የፍተሻ ቁልፍ ተጫኑ፣ ወዲያው ኃይሉን ማጥፋት አለበት። በዓመት አንዴ ኃይሉን ዘግታችሁ ብሎኖቹን አጥብቁ፣ የመሬቱን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቴስተር እዩ። ከዚያ በ500 ቮልት ሜገር ኢንሱሌሽኑን (የሽቦውን መከላከያ ሽፋን) ለኩ፤ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ ችግር አለ። ሜገር ስትጠቀሙ ኤሌክትሮኒክስ ያለበትን ማሽን ነቅላችሁ ይሁን፤ እኔ አንዴ ረስቼ የተቃጠለ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ከፍያለሁ።

ጥያቄ፦ ወፍጮ ቤት አለኝ ወንድሜ። ቀዩን ስፒና ከአንዱ ሶኬት ወደ ሌላው ሳዛውር ወፍጮው በተቃራኒ ይዞራል። ስፒናው ተበላሽቶ ነው?

አይ እህቴ፣ ስፒናሽ ደህና ነው። ከሁለቱ ሶኬቶች በአንዱ ላይ የሦስቱ ፌዝ ቅደም ተከተል ተገላብጧል። ሁለቱን ፌዞች ማቀያየር ይበቃል። ይህ ግን ሶኬቱ ላይ ይሠራ እንጂ ስፒናሽ ላይ አይሁን፤ ያለበለዚያ በደህናው ሶኬት ላይ መገልበጥ ይጀምራል። ሁለቱን እግሮች በካቻቢቴ አዙሮ የሚያቀያይር ስፒናም አለ፤ በየቦታው ለምትዞሪ ይጠቅማል። ባለሙያው የመሬቱንና የኒውትራሉን ሽቦ እንዳይነካ ንገሪው። ሲጨርስ እህል ከመክተትሽ በፊት ባዶውን አስነሺውና የሚዞርበትን አቅጣጫ እዪ።