ብራሳንስ ለሰለቸሽ እህቴ

«የፈረንሳይኛ አስተማሪያችን ብራሳንስና ብሬል ዘፋኝ ብቻ ሳይሆኑ ገጣሚም ናቸው ይላል። ብራሳንስን ከፍቼ ባዳምጥ አንድ ጊታር፣ አንድ ዓይነት ዜማ፣ በአሥር ደቂቃ ሰለቸኝ። ግጥሙ ምኑ ላይ ነው? ከየትስ ልጀምር?» ብለሽ ነበር የጠየቅሽው። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።

እኔም ሰልችቶኝ ነበር። ለዚያውም ድሬዳዋ ነው ያደግኩት። አባቴ ምድር ባቡር ስለሚሠራ ቤታችን ውስጥ ፈረንሳይኛ ብርቅ አልነበረም። የአዝናቩር ካሴት ነበረን። አዝናቩር ቃሉ ባይገባሽም ሙዚቃው ተሸክሞ ይወስድሻል። ብራሳንስ ግን ቃሉ ካልገባሽ ምንም የለውም። ጊታር፣ ከኋላው አንድ ኮንትራባስ፣ ከጺም ሥር የሚያጉረመርም ድምፅ። በቃ።

የገባኝ ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከመጣሁ በኋላ ነው። ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነበር። አንድ እሑድ ቡና ጠራኝና ብራሳንስ በ1972 ያወጣውን፣ ስለ ሐሳብ መሞትን የሚያሾፍበትን ዘፈን ከፈተልኝ። ፊቴን አይቶ ቶሎ አጠፋው። ከዚያ የመጀመሪያዋን ስንኝ በአፉ እያለ በጣቱ ጠረጴዛውን ይመታ ጀመር። «ሙ-ሪር-ፑር-ዴ-ዚ-ዴ»፣ ስድስት። ትንሽ ፋታ። «ሊ-ዴ-ኤ-ቴክ-ሴ-ላንት»፣ ስድስት።

ስድስት ለስድስት! የእኛው የወል ቤት ግጥም እኮ ነው። «ይሄማ እኛም አገር አለ» አልኩት። አላመነኝም። ስንኟን እዚያው ወደ አማርኛ መለስኳት። «ስለ ሐሳብ መሞት፣ ሐሳቡ ግሩም ነው።» አንድም ቃል ሳልጠመዝዝ ስድስት ለስድስት ወደቀችልኝ። ሽማግሌው አማርኛ አንድ ቃል አያውቅም፤ እኔ እያልኩ እሱ በጣቱ ቆጠረ። አሥራ ሁለተኛዋ ላይ ሲደርስ ሳቀ።

እነሱ አሌክሳንድራን ይሉታል። ራሲን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነገሥታቱን በመድረክ ያናገረበት የክብር ልክ ነው። ብራሳንስ ያንን የክብር ልብስ ለቀልድ ያለብሰዋል። ለሐሳብ እንሙት፣ እሺ፣ ግን ቀስ ብለን እንሙት ይላል። ሌላውን ለሰማዕትነት የሚሰብኩት ሰዎች ራሳቸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ምድር ላይ ሲቆዩ ታያላችሁ ብሎ ይቀጥላል። ዜማው ያሰለቸሽ ዜማው አሽከር ስለሆነ ነው። ቃሉ እንዲሰማ ዝቅ ብሎ ይሄዳል።

ስለ ጎሪላው የዘፈነውንም በዚህ ጆሮ ስሚው። በ1952 ሲወጣ ራዲዮ አላስተላልፍም ብሎት ነበር። ላይ ላዩን ባለጌ ዘፈን ነው። ጎሪላ ከፍርግርጉ አምልጦ አንድ ዳኛ ጫካ ውስጥ ይጎትታል። ዳኛው «እማዬ!» እያለ ያለቅሳል። የመጨረሻዋ ስንኝ ላይ ነው ወርቁ የሚወጣው፤ ዳኛው ያለቀሰው ልክ በዚያው ዕለት አንገቱ እንዲቀላ የፈረደበት ሰው እንዳለቀሰው ነው። ፈረንሳይ የሞት ቅጣትን ያስቀረችው ጥቅምት 9 ቀን 1981 ነው። ብራሳንስ ከሃያ ቀን በኋላ ሞተ። የተቀበረው በተወለደባት ከተማ ነው። ከተማዋ ሴት ትባላለች። አትሳቂ፣ ስሟ ነው!

ሌላው ነገር፣ ዘፈኖቹ ከኋላቸው ያለውን ታሪክ ስታውቂ ይለወጣሉ። በ1943 ጀርመኖች ብራሳንስን በግዳጅ ሥራ በርሊን አጠገብ ባስዶርፍ ወደሚገኝ የቢኤምደብሊው የአውሮፕላን ሞተር ፋብሪካ ወሰዱት። በ1944 የዕረፍት ፈቃድ ሰጡት፤ በዚያው ቀረ። ፓሪስ አምፓስ ፍሎሪሞን በምትባል ጠባብ መንገድ ዣን የምትባል ሴትና ባሏ ማርሴል ደበቁት። ቤቱ ውሃም መብራትም የለውም። ጦርነቱ አለቀ፣ እሱ ዝነኛ ሆነ፣ ግን እስከ 1966 ከዚያ አልወጣም። ለማርሴል የዘፈነው ምስጋና የሚጀምረው ሲበርደኝ አራት ፍልጥ እንጨት ሰጠኸኝ ብሎ ነው። አራት ፍልጥ፣ ከዚያ አራት ቁራሽ ዳቦ። እኔ ይሄን ሳላውቅ ስንት ጊዜ ሰምቼው ነበር፤ እንጨቱ አልታየኝም።

ብሬል ቤልጅየማዊ ነው፤ እሱ ይቀልሻል። ቃሉን ፊቱ ላይ ይተውነዋል፤ ላቡ ይንጠባጠባል። «አትተዪኝ» እያለ የሚለምንበትን የ1959 ዘፈኑን ኒና ሲሞንም በፈረንሳይኛ ስለዘፈነችው ሳትሰሚው አትቀሪም። ሁሉም የፍቅር ዘፈን ያደርገዋል። እሱ ራሱ ግን ስለ ወንዶች ፈሪነት የተጻፈ ነው ብሏል። እንደገና አድምጪውና ፍረጂ። ሦስተኛውን ዘፋኝ ሌዮ ፌሬን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ብዙውን አልችለውም፣ ይጮህብኛል። የአራጎንን ግጥም ወስዶ ናዚዎችን ሲዋጉ ተይዘው በየካቲት 1944 ስለተረሸኑት ስለ ማኑሺያንና ጓዶቹ የዘፈነውን ግን አልተውም።

ገጣሚ ናቸው ወይ ላልሽው፣ በጥር 1969 ሦስቱን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጠው ይህንኑ ጠይቀዋቸው ነበር። ብሬል እኔ ትንሽ የዘፈን ባለእጅ ነኝ አለ። ብራሳንስም ቃልና ዜማ ቀላቅዬ እዘፍናለሁ፣ ገጣሚ ልሁን አልሁን ግድ የለኝም ዓይነት ነገር መለሰ። የፈረንሳይ አካዳሚ ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የግጥም ሽልማቱን ሰጥቶት ነበር።

አሁን ከየት ትጀምሪ? ከዘፋኟ ባርባራ። «ጎቲንገን» የሚለውን። ባርባራ አይሁድ ናት፤ ልጅነቷ በጦርነቱ ከናዚ ስትደበቅ ነው ያለፈው። በ1964 የጀርመኗ ጎቲንገን ስትጠራት መሄድ አልፈለገችም ነበር። እያመነታች ሄደች። መድረኩ ላይ የጠበቃት ግድግዳ የሚጠጋው ዓይነት ፒያኖ ነው። እኔ በዚህ አልጫወትም አለች። ተማሪዎች ከአንዲት አሮጊት ቤት ትልቁን ፒያኖ ተሸክመው እስኪያመጡ ሕዝቡ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ልቧ ራራ፤ አንድ ሳምንት ቆየች። ከመመለሷ በፊት ቲያትር ቤቱ አትክልት ቦታ ቁጭ ብላ ጻፈችው። በ2003 የጀርመኑ መራሄ መንግሥት ሽሮደር ቬርሳይ ላይ ይህንኑ ዘፈን ጠቅሶ ተናግሯል።

ፈረንሳይኛው ለጀማሪ ይሆናል። ልጆች ፓሪስም ጎቲንገንም ያው ልጆች ናቸው ነው የሚለው። በመጀመሪያ ወረቀት ላይ አውጥተሽ ድምፅ ሳትከፍቺ አንብቢው፤ ከዚያ ስሚው። ስታነቢ አንድ ነገር ልብ በይ፤ ሲያወሩ የሚውጧትን የቃል መጨረሻ «ኧ» ሲዘፍኑ ብዙ ጊዜ ያወጧታል፣ ቆጠራ ውስጥም ትገባለች። ባርባራን ስትጨርሺ ወደ ብራሳንስ ተመለሺ። ያን ጊዜ ግን ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጪ።