ጥያቄና መልስ፦ ሙቀት ሲነካት ስለምትጎብጥ ምላስ (ቱሉ ዲምቱ፣ ቅዳሜ)

ርዕሱ ያለ ማቀዝቀዣ የሚሠራ የኢንፍራሬድ (ዕቃዎች የሚያወጡት የሙቀት ጨረር) ካሜራ ዓይን ነው፦ ማይክሮ ካንቲሊቨር። ይህች በዓይን የማትታይ ትንሽ የሲሊከን ናይትራይድ (እንደ ሸክላ ያለ ጠንካራ ቁስ) ምላስ ናት፤ ላይዋ ብረት ተለብጧል። ሁለቱ ሲሞቁ እኩል ስለማይለጠጡ ትጎብጣለች። የካሜራ ዋጋ እንዳትጠይቁኝ።

ከለገጣፎ፦ ጋሼ፣ ለልባጡ ወርቅ ይሻላል አሉሚኒየም?
መልስ፦ አሉሚኒየም። በየዲግሪው ከርዝመቱ በሚሊዮን 23 ገደማ ይለጠጣል፤ ወርቅ 14። ሁለቱም ግን ሙቀት ያሾልካሉ። እግሩን አስቡ!

ከቂሊንጦ፦ እግሩን ሲሉ?
መልስ፦ ይኼ ነው ጥያቄ። ምላሷ ከወለሉ (ከተሠራችበት ቺፕ) ጋር የምትያያዘው በእግሯ ነው። ብረት የተለበጠው ክፍል ይጎብጣል፤ ባዶው ሲሊከን ናይትራይድ ሙቀቱን ያግዳል። ብረቱን እስከ ወለሉ ከዘረጋሽው የሰበሰብሽው ሙቀት በዚያው ፈሰሰ። ደግሞ የምታዪው ዕቃ 1 ዲግሪ ቢጨምር ምላሷ ጋ የሚደርሰው የዲግሪ መቶኛ ቢሆን ነው። እዚህ ግን በጠዋትና በቀትር መካከል ከ10 ዲግሪ በላይ ይለዋወጣል! ስለዚህ እግሩን እጠፊው። ከወለሉ በኩል ሌላ የተለበጠ ክንድ ጨምሪ፣ በመካከል ባዶው ናይትራይድ ይግባ። ወለሉ ሲሞቅ ሁለቱ ክንዶች እኩል ጎብጠው አንዱ የሌላውን ጉብጠት ያጠፋል፤ ጨረር ሲያርፍ የሚሞቀው የውስጠኛው ብቻ ነው።

ከለገጣፎ፦ ወርቁን በጣም ብናሳሳውስ?
መልስ፦ እግሩን አልኩ።

ከሱሉልታ፦ እኛ ጋ አየሩ ስስ ነው፤ ቫኪዩሙ (ምላሷ የምትታሸግበት አየር የወጣለት ቦታ) ይቅር?
መልስ፦ አይቀርም። አየር ሲሳሳ ሞለኪውሎቹ ቢያንሱም ሳይጋጩ ርቀው ስለሚሄዱ ይካካሳል። ሙቀት ማስተላለፉ የሚወድቀው ያ ርቀት ከምላሷ በታች ካለው ክፍተት ሲበልጥ ነው። ለ10 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ሞገድ ክፍተቱ የሞገዱ ሩብ፣ 2.5 ማይክሮን ነው፤ የኛ አየር ሞለኪውል 0.1 ማይክሮን ገደማ ሄዶ ይጋጫል። የአየሩን ግፊት ወደ 1 ፓስካል አውርደው።

ከሰበታ፦ ገበያውን የያዘው ማይክሮቦሎሜትር (ሲሞቅ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ የሚለወጥ ዓይን) ነው፤ ምን ያደክመናል?
ከአቃቂ፦ እሱ ሲነበብ ጅረት ያልፍበታል፣ ራሱን ያሞቃል። ይህችን በሌዘር ነጸብራቅ ታነባታለህ፤ ሽቦ የላት።
ከሰበታ፦ ሌዘሩስ አያሞቃትም?
ከአቃቂ፦ በመጠኑ...
ከሰበታ፦ አየህ! ደግሞ መኪና ላይ ስትንቀጠቀጥስ?
መልስ፦ ሻይ ላይ ተከራከሩ። ቀጣይ።

ከቡራዩ፦ ጥሩ ዲዛይን እንዴት ይሠራል?
መልስ፦ ይህ ጥያቄ አይደለም። ስንት ማይክሮን፣ ስንት ምስል በሰከንድ? እግሩ በቀጠነ ቁጥር ምላሷ ለመቀዝቀዝ ትዘገያለች፤ ምስሉ ይጎተታል።

ከለገጣፎ፦ ሌንሱን ከአሮጌ ካሜራ ብፈታ?
መልስ፦ መስታወት ከ8 እስከ 14 ማይክሮን ሞገድ ያለውን ጨረር አያሳልፍም። ሌንሱ ጀርማኒየም ይሁን።
ከሰበታ፦ ፌስታል ያሳልፋል ሲባል ሰምቻለሁ።
መልስ፦ ስሱ ያሳልፋል። ለመስኮት ይሆንሃል፣ ለሌንስ አይሆንህም።