ስብሰባ ተጠርተው ስለቀሩት አባቶች

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በእድራችሁ በኩል አባቶችን ስለ ልጅ አስተዳደግ ለማስተማር ጥሪ አደረጋችሁ፣ ከ40 ሰው 3 ብቻ መጣ፣ ከሦስቱም ሁለቱ የእድሩ ኮሚቴ ናቸው። ወንዶቹን እንዴት እናምጣቸው ነው ያልሽው። እኔ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። በሰፈራችን እድር ሥር እንዲህ ዓይነት የአባቶች ቡድን ከጀመርን 4 ዓመት አለፈን። የኛም የመጀመሪያ ጥሪ ከናንተ የተለየ አልነበረም።

ለምን እንደገባሁበት ልንገርሽ። የመጀመሪያ ልጃችን በተወለደ በአራተኛው ቀን ጡት አልይዝ አለ። ዝም ብሎ ይተኛል። አራስ ጠያቂው ሁሉ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» እያለ ይመርቃል፣ ገንፎው ይበላል፣ እኔ እንግዳ አስተናግዳለሁ። ባለቤቴ ልክ አይደለም ስትለኝ «ደክሞሽ ነው» አልኳት። ማታ ሰውነቱ ሲግል ነው ይዘነው የሮጥነው። ኢንፌክሽን ነበር፣ 9 ቀን ተኛ። ዳነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን አዲስ የተወለደ ልጅ ጡት እምቢ ካለና እንቅልፍ ካበዛ ለነገ የማይባል የአደጋ ምልክት መሆኑን ያን ጊዜ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ለክትትል በሄድን ቁጥር እኔ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርኩ።

ስለዚህ መጀመሪያ የቀየርነው የጥሪውን ቃል ነው። «ሥልጠና»፣ «ግንዛቤ ማስጨበጫ» የሚለውን ጣልነው። ወንድ እንዲህ ሲባል ሊወቀስ የተጠራ ይመስለዋል። «ሚስትህ ወሯ እየገባ ከሆነ ወይም አራስ ቤት ከሆነች እሁድ ከሰዓት ና፣ ልጅ አያያዝ እናሳይሃለን» ብቻ አልን። ደብዳቤ አልበተንንም። አንድ ታክሲ ሹፌርና አንድ ጋራዥ የሚሠራ ጎረቤታችን፣ ሁለቱም በቅርቡ ልጅ የወለዱ፣ በር እያንኳኩ ጠሩ። በዚያ እሁድ 11 ሰው መጣ።

ያን ቀን ንግግር አልነበረም። ከጤና ጣቢያ የመጣች አዋላጅ ነርስ ነበረች፣ ሹፌሩ ደግሞ የሁለት ወር ልጁን ይዞ መጣ። እያንዳንዱ ሰው እጁን ታጥቦ ሕፃኑን ያዘ፣ አንገቱን ደገፈ፣ ጠቀለለ። አንድ ሰውዬ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ሕፃን እንዲህ ትንሽ ሆኖ ይዤ አላውቅም አለን። ልጆቹን ማቀፍ የሚጀምረው አንገታቸው ሲጠና ነበር። ያ ሰው እስከ ዛሬ አልቀረም።

ከዚያ ነው ስለ አደጋ ምልክቶች ያወራነው። ጡት አለመያዝ፣ ትኩሳት ወይም መቀዝቀዝ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ መሰርጎድ፣ መንቀጥቀጥ፣ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ መሆን፣ እትብቱ መቅላት ወይም መግል መያዝ። የእናቲቱም አለ። ብዙ ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን መጋረድ ጋር፣ ትኩሳት። እነዚህን ያወቀ አባት ሌሊት መኪና ይፈልጋል እንጂ ይንጋ አይልም። ሕፃኑን ቅቤ ማዋጥና እንጥል ማስቆረጥ የሚባለው ነገር ሲነሳም፣ እናቱን ወይም አማቱን በአክብሮት «እማዬ፣ ይሄ ይቅር» ብሎ የሚናገረው እሱ ቢሆን ይሻላል። ይሄን ለአራሷ ብቻ አይተውላት።

የሥራ ፈቃዱንም ንገሯቸው፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አባት 3 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ያገኛል። የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ በአዋጅ 1064/2010 መሠረት 10 የሥራ ቀን ነበረው፣ አሁን ስንት እንደሆነ መሥሪያ ቤቱን ይጠይቅ። ሦስት ቀን ምንም አይደለም፣ በጣም ያንሳል። ቢሆንም ስንቱ ሰው ሳይጠይቀው ይቀራል።

አበል የሚጠይቅ ይመጣል። አትጀምሩት። ቡናና ቆሎ ይበቃል። ቡና ስል፣ በጉራጌ ዞን በ64 መንደሮች የተጠና ፕሮግራም አለ፣ ውጤቱ በፈረንጆቹ 2020 ታትሟል። ቡና እየተፈላ 14 ጊዜ ነው የሚወያዩት፣ አንዳንድ መንደር ወንዶች ለብቻ፣ አንዳንዱ ሴቶች ለብቻ፣ አንዳንዱ ባልና ሚስት አብረው። ወንዶቹ ለብቻ በተወያዩበት ሚስትን በወሲብ ማስገደድ ቀንሶ ተገኘ፣ ወንዶቹም የቤት ሥራ ማገዝ ጨመሩ። እኛም ያየነው ይሄንኑ ነው። ወንድ በወንድ ፊት ነው የሚከፈተው። ደግሞም አንድ ጊዜ አይበቃም። እኛ ስለ ዱላ ያወራነው በስድስተኛው እሁድ ነው፣ አንዱ አባት ራሱ ስለ አባቱ አንስቶ። በመጀመሪያው ቀን ብናነሳው ኖሮ ክፍሉ ባዶ ይቀር ነበር።

አንድ የማስጠነቅቅሽ ነገር አለ። ቡድኑ ወንዶች ስለ ሚስቶቻቸው የሚያማርሩበት እንዳይሆን። እኛ ጋ በሁለተኛው ወር ወደዚያ መንሸራተት ጀምሮ ነበር። ከዚያ በኋላ በየወሩ መጨረሻ ሚስቶቹን ለብቻቸው እንጠይቃለን፣ ቤት ውስጥ ምን ተለወጠ ብለን። አንዷ «ሌሊት ዳይፐር ይቀይራል፣ እኔ እንቅልፍ አገኘሁ» ስትል ሰምቻለሁ። አንዷ ደግሞ «ተምሬያለሁ እያለ ጡት አጠባቤን ያርመኛል» ብላለች፣ ያንንም ወስደን አወራንበት።

የስም ዝርዝር ከጤና ጣቢያ አትጠይቂ፣ የሰው ሚስጥር ነው። አዋላጆቹ ለነፍሰ ጡሮቹ የጥሪ ወረቀት እንዲሰጧቸው ብቻ ለምኛቸው፣ ባል የሚስቱን ቃል ይሰማል።

ግን ከሁሉ በፊት፣ ከመጡት ሦስት ሰዎች ሁለቱ ኮሚቴ ከሆኑ ሦስተኛው ማን ነው? ማንም ሳያስገድደው ነው የመጣው። ዛሬውኑ ደውዪለትና ምን ፈልጎ እንደመጣ ጠይቂው። ቀጣዩን እሁድ እሱ በሚነግርሽ ነገር ጀምሩት፣ በር የሚያንኳኳውም እሱ ይሁን።