«አትጨነቁ» ተብሎ ተጽፎ ሳለ ለምን እጨነቃለሁ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ዕድሜዬ 24 ነው፤ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ሌሊት ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ዳዊት ስደግም ሐሳቤ ከተበተነ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ አንዳንዴ እንደዚሁ ይነጋል። ጓደኞቼ «እምነትሽ ጎድሎ ነው፤ መጽሐፉ አትጨነቁ ይላል» አሉኝ። አሁን መቁረብም ፈራሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ስለ ጾምና ጸሎት የምታውቂውን አልደግምልሽም። የያዘችኝ «እምነትሽ ጎድሎ ነው» የምትለዋ ነገር ናት። ከመንዝ ለትምህርት የመጣውም፣ ፋብሪካ ውላ የምትገባዋም ይቺኑ ይዘው ይመጣሉ። መጀመሪያ ይጨነቃሉ። ከዚያ «ስለተጨነቅሁ እግዚአብሔር አዘነብኝ» የሚል ሌላ ጭንቀት ይደርቡበታል። ይሄኛው ከፊተኛው ይከፋል።

ጥቅሱ የቅዱስ ጳውሎስ ነው፤ ፊልጵስዩስ 4፥6። እስር ቤት ሆኖ ነው የጻፈው። እዚያው መልእክት ላይ ምዕራፍ 2ን አንብቢ። ከጳውሎስ ጋር ያገለግል የነበረው አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር። ሐዋርያውም «ኀዘኔ እንዲቀል» ብሎ ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች እንደሚልከው ይናገራል። አየሽ፣ «አትጨነቁ» ያለን ራሱ ኀዘን የከበደው ሰው ነው። ጭንቃችንን ወዴት ይዘን እንደምንሄድ ሊያሳየን ነው እንጂ ሊገሥጸን አይደለም። ጥቅሱን እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ በጸሎትና በምልጃ ልመናችሁን አስታውቁ ይላል። የማይጨነቅ ሰው ምን ብሎ ይማልዳል?

ኤልያስንም ተመልከቺ (1ኛ ነገሥት 19)። በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ፣ ብዙም ሳይቆይ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል» ብሎ ሞትን ለመነ። እምነት ጎደለው እንበል? የመጣለት መልአክ አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገረውም። እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነው ያቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። እግዚአብሔር «ኤልያስ ሆይ፣ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ የጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለደከመ ልጁ እንዴት እንደሚራራ ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያሻናል? አንቺ ግን ሳትበዪ ሳትተኚ፣ በደከመ ሰውነት ላይ ስግደት እየጨመርሽ ይሆናል።

ስለዚህ ዳዊቱን ከመጀመሪያው መጀመር ተዪ። ይህን አጥብቄ ነው የምልሽ። ሐሳብሽ ሲበተን ካቆምሽበት ቀጥዪ። እግዚአብሔር ስሕተት የሚለቅም ፈታኝ አይደለም። ለንስሐ አባትሽ እንቅልፍ ማጣትሽን ሳይቀር ንገሪያቸው፤ ጸሎቱንም ጾሙንም ስግደቱንም እሳቸው ይመጥኑልሽ። መጨነቅሽ ብቻውን ከሥጋ ወደሙ አያርቅሽም። ጌታም በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሏል።

ሌላም አለ። ሸንኮራ ዮሐንስ፣ ጻድቃኔ ማርያም ሄደው ስንቶች ተፈውሰዋል፤ አንቺም ሂጂ። ግን «ሐኪም ጋ ከሄድሽ ጠበሉን ናቅሽው» የሚልሽን አትስሚ። መጽሐፈ ሲራክ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያዝዛል፤ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በዘመናቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር እንዲወስዱ መክረዋል። የአእምሮ ሕመምም ሕመም ነው። መድኃኒት የጀመረ ሰው ጠበል ገባሁ ብሎ ለራሱ አያቋርጥ፤ በዚህ የተጎዱ ወጣቶች አሉ፣ ሳስበው ያመኛል።

ልብሽ እንዲህ ሌሊት ከሌሊት ከመታ ሆስፒታል ሂጂና የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን ጠይቂ። እንደ ኤልያስ «ይበቃኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት እናትሽን ቀስቅሻት፣ ብቻሽን አትደሪ።